የገበያዎቻችን ስም ከየት መጣ? ከውኃ ጉድጓድ እስከ ነጋዴ ግመል

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ የዋለ ነጋዴ የከተማዋን ስም አመጣጥ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በአካባቢው እንደሚነገረው ስሙ የወጣው «የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዓረብኛ አነጋገር ነው። ሽያጩን ወይም ግዢውን የፈጸመ ሰው ቦታውን ለሚቀጥለው ይልቀቅ ማለት ነው። ቀድሞ ደግሞ ቦታው «ሱቅ አቡ ሲን» ይባል ነበር። ሱቅ በዓረብኛ ገበያ ነው፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሳ መሪዎች ቤተሰብ መጠሪያ ነው። እንግዲህ ከተማዋ በአሮጌው ስሟም ገበያ፣ በአዲሱም ገበያ ናት።

በየሳምንቱ የምንጠራቸው ብዙዎቹ የከተማ ስሞች እንዲህ ናቸው። አብዛኞቹን ያወጧቸው ካርታ ሠሪዎች ሳይሆኑ ከብት ነጂዎችና ነጋዴዎች ናቸው። የት ውኃ አለ፣ ውኃው ጥልቅ ነው ወይስ ቅርብ፣ የት መንጋ ይቆማል፣ የት ይሸጣል የሚለውን በስም ውስጥ አስቀምጠውልናል። የስሞቹ ታሪክ ለጨዋታ ያህልም ደስ ይላል። ነገር ግን ኪስ የሚነካ ጉዳይም አለበት፤ እነዚሁ ስሞች ናቸው በጤና ምስክር ወረቀታችን «የመነሻ ቦታ» በሚለው መስመር ላይ የሚጻፉት። መጀመሪያ ወደ ስሞቹ እንሂድ፤ ወረቀቱን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ውኃ ያወጣቸው ስሞች

ከቦረና እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድረስ «ኤል» በሚል የሚጀምር የቦታ ስም ብዙ ነው። በሶማሊኛ «ኤል»፣ በኦሮምኛ «ኤላ» የውኃ ጉድጓድ ማለት ነው። ኤል ዋቅ የኬንያና የሶማሊያ ድንበር ላይ ያለች፣ የግመልና የፍየል ነጋዴ በደንብ የሚያውቃት ከተማ ናት። ዋቅ የፈጣሪ ጥንታዊ መጠሪያ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዋቃ» የሚለው ነው። ስለዚህ ኤል ዋቅ «የፈጣሪ ጉድጓድ» ናት። በደረቅ አገር ውኃውን ማን እንደሰጠ ያወጣው ሰው አልተጠራጠረም።

ሌሎቹ «ኤል»ዎች የጉድጓዱን ጠባይ ይናገራሉ። ኤል ዴር «ረጅም ጉድጓድ» ነው፤ ረጅም ያሉት ጥልቀቱን ነው። ኤል አፍዌይን ደግሞ «አፈ ሰፊው ጉድጓድ» ነው። ለመንገደኛ ይህ ቁም ነገር ነበር። ከጥልቅ ጉድጓድ ለመቅዳት ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል፤ መንጋውም ተራ ይጠብቃል። አፈ ሰፊ ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይቀዳል። ስሙን የሰማ ነጂ ከመድረሱ በፊት ስንት ሰው ይዞ መሄድ እንዳለበት ይገምታል።

ሶማሊኛ «ላስ» የሚለው ደግሞ ውኃው ቅርብ የሆነ ጉድጓድ ነው። ላስ አኖድ ከዚህ የመጣች ናት፤ «አኖ» ወተት ነውና የወተት ጉድጓድ እንደ ማለት ነው። ስሙ በጥጋብ ዓመት የወጣ ይመስላል። «ቶግ» ሲባል ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስ ደረቅ ወንዝ ነው። በሰሜን ኬንያ ደግሞ ይህንኑ «ላጋ» ይሉታል።

ወደ ቦረና ስንመጣ «ቱላ» የሚባሉት ዘጠኙ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ዱብሉቅ ከዘጠኙ አንዷ ናት፤ ዛሬ የቦረና ሰንጋ ለመግዛት የሚመጣ ነጋዴ የሚያውቃት በገበያዋ ነው። ጉድጓዱ መንጋውን ሰበሰበ፣ መንጋው ገዢውን ጠራ፣ ገዢው ገበያውን አቆመ። ሐሮ ባኬም እንደዚያው ናት፤ «ሐሮ» ኩሬ ወይም ሐይቅ ነው። ቡሌ ሆራ ስም ውስጥ ያለው «ሆራ» ማዕድን ያለበት ውኃ ነው። አርቢው ከብቱን ወደ ሆራ የሚነዳው ለጥም ብቻ አይደለም፤ ለጨውና ለማዕድንም ነው። የእንስሳት ሐኪም ከብት ጨው ካላገኘ ይከሳል፣ ወተቱም ይቀንሳል ብሎ በመጽሐፍ የሚያስተምረውን፣ አርቢው በቦታ ስም ጽፎት ነበር። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ዳዋ ወንዝ ላይ ያለችው መልካ ጉባ ለዚህ ምሳሌ ናት።

ወደ ደቡብ ብንወርድ ቋንቋው ይለወጣል እንጂ ነገሩ አይለወጥም። በማሳይ ቋንቋ «ኤንካሬ» ውኃ ነው። ናይሮቢ «ኤንካሬ ናይሮቢ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። የማሳይ ከብት የሚወጣባት ናሮክ ደግሞ «ኤንካሬ ናሮክ»፣ ጥቁር ውኃ ናት። የባቡር ሠራተኞች ድንኳን ተክለው ናይሮቢን ከተማ ከማድረጋቸው በፊት ቦታውን በስም የሚያውቁት ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ነበሩ።

ስም ግን ዋስትና አይደለም። የውኃ ስም የሚናገረው ስሙ በወጣበት ዘመን የነበረውን ነው። ለዚህ ከሐርጌሳ አቅራቢያ ያለችው ላስ ጌል ጥሩ ምስክር ናት። ስሟ «የግመል ጉድጓድ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ የአርኪኦሎጂ ቡድን በዋሻዎቿ ውስጥ ያገኛቸውና ዛሬ በዓለም የታወቁት ጥንታዊ ሥዕሎች ግን በብዛት የላምና የበሬ ናቸው፤ አንገታቸው ያጌጠ፣ ጡታቸው የሞላ ላሞች። ሥዕሉ በተሣለበት ዘመን አካባቢው ከብት የሚያረባ ሣርና ውኃ ነበረው። ስሙ በወጣበት ዘመን ደግሞ የግመል አገር ሆኗል። የአየር ጠባይ ሲለወጥ አርቢው የሚያረባውን ይለውጣል፤ በአንድ ቦታ ላይ ሥዕሉ የፊቱን፣ ስሙ የኋላውን ይዘው ቀርተዋል።

እንስሳትና ነጋዴ ያወጧቸው ስሞች

ቦሳሶ በአደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች፣ በግና ፍየል በመርከብ የሚጫንባት ወደብ ናት። የቀድሞ ስሟ በንደር ቃሲም ነው። «በንደር» ወደብ ሲሆን፣ ቃሲም በቦታው መጀመሪያ የሰፈረ ነጋዴ ነበር ይባላል። አዲሱ ስም ደግሞ፣ እንደሚተረከው፣ ቃሲም ከሁሉ አብልጦ ከሚወዳት ግመሉ ስም የመጣ ነው። የነጋዴው ስም ተረሳ፤ የግመሏ ስም ቀረ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይገርመውም።

ጅቡቲ ውስጥ ዳመርጆግን የማያውቅ ላኪ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱ እንስሳት ተለይተው የሚቆዩበት፣ ደማቸው የሚመረመርበት ማቆያ እዚያ ነው። ስሙን በሶማሊኛ ብናነበው «ዳመር» አህያ ነው፣ «ጆግ» ደግሞ ቁም ወይም ቆይ ማለት ነው። የግመል፣ የሰንጋና የበግ ማቆያ የሆነው ቦታ በአህያ ስም መጠራቱ ያስቃል። «ቆይ» የሚለው ግን ከዛሬው ሥራው ጋር በትክክል ገጥሟል።

ስለ ሐርጌሳም የሚነገር አለ። በሶማሊኛ ቆዳ «ሀራግ» ይባላል፤ ከተማዋ ከመሀል አገር ወደ ባሕር የሚወርዱ ነጋዴዎች ቆዳ የሚያመጡባትና የሚሸጡባት ስለነበረች ስሟ ከዚያ ወጣ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ትንሿ ሐረር» ከሚል የዓረብኛ ስም ያመጡታል። ሁለቱም ትርጓሜዎች አንድ የሚያስማማቸው ነገር አለ፤ ከተማዋን ያስገኛት ከሐረር ወደ በርበራ የሚወስደው የንግድ መንገድ ነው። የዩጋንዳዋ ካምፓላ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ኢምፓላ ከሚባለው የሜዳ አጋዘን ነው፤ ዛሬ ሕንፃ የሞላው ኮረብታ የንጉሡ አጋዘኖች ይግጡበት የነበረ ነው።

ከወረቀት የመጡ ስሞች

ሁሉም ስም ከአርቢው አፍ አልወጣም። የኬንያዋ ኤልዶሬት በቅኝ ግዛት ዘመን የተመሠረተችው ቁጥሩ 64 በሆነ የእርሻ ይዞታ ላይ ነው። ሰፋሪዎቹ ቦታውን በእንግሊዝኛ «ስልሳ አራት» ብለው ይጠሩት ነበር። የአገሬው ሰው ቃሉን ወደ ራሱ አንደበት አምጥቶ «ሲሲቦ» አለው። ኤልዶሬት የሚለው ስም በይፋ የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። እሱም ቢሆን መነሻው የማሳዮች «ድንጋያማ ወንዝ» ነው።

በእኛም በኩል ወረቀት ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሐረር ወደ ባቡሩ እንድትወርድ ታስቦ ነው። ስሙ ግን አልያዘላትም። የቀረው ድሬዳዋ ነው፤ እሱንም አንዳንዱ በኦሮምኛ «የመድኃኒት ሜዳ» ብሎ ሲተረጉመው፣ ሌላው በሶማሊኛ ዲር ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላል። አዳማ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በኋላ ወደ አዳማ ተመለሰች። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ቡሌ ሆራ ሀገረ ማርያም፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ፣ ባቱ ዝዋይ ተብለው ኖረዋል። ክትባት የምናገኝበት ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም አድራሻው ለረጅም ጊዜ ደብረ ዘይት ተብሎ ሲጻፍ ቆይቶ ዛሬ ቢሾፍቱ ተብሎ ይጻፋል። ቦታው ያው ነው፤ ሕንፃውም አልተነቃነቀም።

አንድ ቦታ ሁለት ስም፣ ሁለት ቦታ አንድ ስም

አሁን ወደ ኪሳችን ጉዳይ እንምጣ። ስሞቹ የቦታውን መልክ የሚናገሩ ስለሆኑ ይደጋገማሉ። ጥልቅ ጉድጓድ በብዙ ቦታ አለ፤ ስለዚህ ኤል ዴር የሚባል ከአንድ በላይ አለ። ሐሮና መልካ በሚል የሚጀምሩትማ ቁጥር ስፍር የላቸውም። ድንበር ደግሞ ያጋባው ብዙ ነው። ኤል ዋቅ በኬንያም በሶማሊያም አለች። ሞያሌ በኢትዮጵያም በኬንያም ሞያሌ ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል እንኳ የኦሮሚያ ሞያሌ ወረዳና የሶማሌ ሞያሌ ወረዳ አሉ። መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ በተደረገው ውጊያ ቆስለው ካረፉት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው፤ ያው ውጊያ በአንዳንድ መጻሕፍት የጋላባት ውጊያ ይባላል። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከሸንዲ ፊት ለፊት፣ ዓባይ ዳር፣ ሌላ መተማ አለች።

ቶጎ ውጫሌን ተመልከቱ። መነሻው የሶማሊኛው «ቶግ ዋጃሌ» ሲሆን ቶግ ያልነው ደረቅ ወንዝ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ አንዱ ቶጎ ጫሌ፣ ሌላው ቶጎ ውጫሌ ብሎ ጻፈው። ወሎ ካለችው ውጫሌ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያስታውሰናል። በ1881 ዓ.ም. በወሎዋ ውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ፣ 17ኛው አንቀጹ በሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያየ ነገር በመናገሩ ምን እንዳስከተለ ሁላችንም እናውቃለን። የእኛ ሰነድም በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ ይጻፋል። በአማርኛው ቅጽ ቶጎ ውጫሌ፣ በእንግሊዝኛው ዋጃሌ፣ በዓረብኛው ሌላ ዓይነት ሆኖ የቀረበ ሰነድ ሲያይ፣ አካባቢውን የማያውቅ የወደብ ተቆጣጣሪ ሦስት ቦታ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይህ ምን ያስከፍላል? በቀላል ስሌት እንየው። 30 ሰንጋ ጭናችኋል እንበል፤ የአንዱ ክብደት 320 ኪሎ ነው። የቦታ ስም አልገጠመም ተብሎ ጭነቱ በፀሐይ ቆሞ ቢውልና እያንዳንዱ ከክብደቱ 3 በመቶ ቢቀንስ፣ በአንድ ሰንጋ 9.6 ኪሎ፣ በጠቅላላው 288 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። አንድ ሰንጋ ያህል ነው። ማንም አልሰረቃችሁም፤ በኬላው በር ላይ ተነነ። የውኃና የመኖ ወጪ፣ የመኪናው የቆመበት ሒሳብ፣ የመርከቡ ተራ ማለፍ በዚህ ላይ ይደመራሉ። ከብት በመጀመሪያ የሚያጣው የሆድ ዕቃውን ክብደት ስለሆነ ያ ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል። ቆይታው ሲረዝም ግን የሚሄደው ሥጋው ነው፤ እሱ በአንድ ሌሊት አይመለስም።

የቦታ ስም በሽታ ላይ ሲለጠፍ

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ግን የቦታ ስም ከበሽታ ስም ጋር ሲያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ተመራማሪዎች በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ በግልገሎች ላይ ሞት፣ በበጎች ላይ ውርጃ ያስከተለ በሽታ መዝግበው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት አሉት። ከዚያ በፊት ደግሞ የናይሮቢ የበግ በሽታ በከተማዋ ስም ተጠርቶ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚተላለፈው በዋነኛነት በወባ ትንኝ መሰል ትንኞች ነው፤ ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሲኖር ይነሳል። ሸለቆ አይመርጥም። በ1977 ግብፅ፣ በ1987 ሞሪታኒያ፣ በ2000 ሳውዲ አረቢያና የመን ደርሷል። ስሙ ግን እኛው ቀጣና ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ የሰው በሽታ ሲገኝ በቦታ ስም እንዳይሰየም ያሳሰበው እንዲህ ያለ ስም ንግድንና ሰውን እንደሚጎዳ በማየቱ ነው። ለእኛ ዘግይቷል።

በ2000 በሽታው ባሕሩን ሲሻገር ሳውዲ አረቢያ የአፍሪካ ቀንድን የቁም እንስሳት አገደች። ለሶማሊያ እንስሳት እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት! የበሽታው ምልክት ታይቶባት የማታውቅ ወረዳ ውስጥ ያለ አርቢም አብሮ ታግዷል። እገዳው እንዲህ ሰፊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ገዢው አገር እንስሳው በትክክል ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት የሚታመን ሰነድ ስላልነበረው ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ አንድን አገር በዞን ከፍሎ፣ በሽታ ያለበትን ከሌለበት ለይቶ መነገድን ይፈቅዳል። ነገር ግን ዞን የሚለየው በቦታ ስም ነው። «ሞያሌ በሽታ ገብቷል» የሚል ወሬ ሲመጣ የትኛው ሞያሌ፣ በየትኛው ወረዳ ብሎ መልስ መስጠት ካልተቻለ ሦስቱም ይዘጋሉ። መልስ መስጠት ከተቻለ ሁለቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በመነሻ ቦታ መስመር ላይ የከተማ ስም ብቻ አይበቃም። ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ አገር ይጻፍ። «ኤል ዋቅ» ብቻ አትበሉ፤ የየትኛው አገር ኤል ዋቅ እንደሆነ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ስም ያለው ቦታ ከሆነ ሁለቱም ይግቡ፤ «ቡሌ ሆራ (ሀገረ ማርያም)» ተብሎ ይጻፍ። የትኛው ስም ይሻላል የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው፤ የጭነት ሰነድ ግን ቦታው አይደለም። ነጋዴ በስም አይጣላም፣ ሁለቱንም ጽፎ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ በጤና ምስክር ወረቀቱ፣ በመነሻ ማረጋገጫውና በባንክ ሰነዱ ላይ ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል አጻጻፍ ይሁን። ሐኪሙ ማህተም ከማድረጉ በፊት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው። ከጆሮ ቁጥሩና ከመተኮሻ ምልክቱ ጋር ካልገጠመም እዚያው ይስተካከል፤ ወደብ ላይ የሚያስተካክልላችሁ የለም።

አራተኛ፣ አዲስ ገበያ ሲከፈት ስሙ ሲወጣ ዝም አትበሉ። በዚያው ወረዳ ወይም ከድንበሩ ማዶ ተመሳሳይ ስም ካለ ተናገሩ። ዛሬ በአንድ ስብሰባ የሚወጣ ስም ነገ በሺዎች በሚቆጠር ሰነድ ላይ ይታተማል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደላላው ዋጋ እስኪያስማማ ድረስ ከአጠገባችሁ ያለውን ሽማግሌ «አባባ፣ የዚህ ቦታ ስም ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ውኃ ከነገሩዎት ውኃው ዛሬም አለ ወይ ብላችሁ ጨምሩ። የት እንደነበረ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ አሁን መንጋው ወዴት እንደሚሄድ ይነግሯችኋል። ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያስፈልጋችሁ መረጃ ያ ነው።